ሙክቱ ሲያምጥ «ሆዱ ደርቆ ነው» አንበል

የፋሲካ ወይም የአረፋ በዓል ሊደርስ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ በብዙ ግቢ የታሰረ ሙክት አይጠፋም። አንዱ ለራሱ በዓል፣ ሌላው ለደሴ ወይም ለኮምቦልቻ ገበያ ያደልበዋል። በገበሬ ቤት ሙክት ማለት የልጆች ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ አንዳንዴም የክረምት ቀለብ ነው። ታዲያ ወራት ሙሉ ሲቀለብ የከረመው በግ ልክ ሊሸጥ ሲል ድንገት መብላት ያቆማል። ጀርባውን አጉብጦ ያምጣል፣ ጭራውን ያወናጭፋል፣ ይነሣል፣ ይተኛል፣ በኋላ እግሩ ሆዱን ይመታል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል። ጎረቤት ተሰብስቦ አንዱ «ሆዱ ደርቆ ነው»፣ ሌላው «የሰው ዓይን በልቶት ነው»፣ ሦስተኛው «እህል በዝቶበት ነው» ይላል።

ከእነዚህ ግምቶች ለእውነቱ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው። ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው በእንስሳት የሽንት ፊኛ ውስጥ ስለሚፈጠር ክሪስታልና ጠጠር ነው። ችግሩ በገጠር በሙክትና በወጠጤ፣ በከተማ ደግሞ በየቤቱ በሚያድጉ ትንንሽ ውሾች ላይ ይታያል። የሚደልበውን በግ በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ጠጠሩን በአብዛኛው የምንሠራው እኛው ነን፣ በምናቀርበው መኖና በምንነፍገው ውኃ።

ነገሩን በቀላሉ ለመረዳት በአንድ ብርጭቆ ውኃ ላይ ጨው እየጨመሩ ያማስሉ። መጀመሪያ ይሟሟል፤ እየበዛ ሲሄድ ግን ከታች ይዘቅጣል። ውኃው ሲተን ደግሞ የተሟሟው ጨው ጭምር ተመልሶ ፍሬ ይሠራል። ሽንትም እንዲሁ ነው። ከደም የተጣሩት ፎስፈረስ፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናት በሽንት ተሟሙተው ይወጣሉ። ማዕድኑ ሲበዛ ወይም ውኃው ሲያንስ በዓይን የማይታዩ ክሪስታሎች ይፈጠራሉ። እነዚህ ከፊኛው ንፍጥና ከረገፉ ሴሎች ጋር ሲጣበቁ መጀመሪያ አሸዋ፣ ቆይቶ ጠጠር ይሆናሉ። እህልና ፉርሽካ በብዛት በሚበሉ በጎች ላይ ዘወትር የሚገኘው ፎስፈረስ፣ ማግኒዥየምና አሞኒያ የተዋሐዱበት፣ ባለሙያዎች ስትሩቫይት የሚሉት ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ፉርሽካው እንምጣ። በዱቄት ፋብሪካ ስንዴ ሲፈጭ የሚለየውን ይህን መኖ በግ ይወደዋል፤ ያወፍረዋልም። በራሱ ክፋት የለውም። ጉዳቱ ብቻውን ሲሆን ነው። አንድ ኪሎ ፉርሽካ ከ10 እስከ 11 ግራም ያህል ፎስፈረስ ሲኖረው ካልሲየሙ ግን ከ1 ግራም ተኩል ብዙም አያልፍም። የበግ አካል የሚፈልገው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው፤ ካልሲየሙ የፎስፈረሱን እጥፍ ያህል ቢሆን ይመረጣል። በፉርሽካ ብቻ የሚደልብ ሙክት እንግዲህ ሚዛኑ ፈጽሞ በተገለበጠ ማዕድ እየተቀለበ ነው። ማሽላ፣ በቆሎና ገብስ ፎስፈረሳቸው እንደ ፉርሽካ አይበዛም፤ ካልሲየማቸው ግን ከእሱም ያነሰ ነው። የኑግ ፋጉሎም ቢሆን ፎስፈረሱ ቀላል አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። በግ ድርቆሽና ገለባ ሲያመሰኳ ብዙ ምራቅ ያመነጫል። በደሙ ውስጥ የተረፈው ፎስፈረስ ከዚህ ምራቅ ጋር ወደ ሆዱ ይመለስና በበጠጡ ይወጣል። ደቃቅ መኖ ብቻ የሚበላ በግ ግን እምብዛም አያመሰኳም፤ ምራቁ ያንሳል፤ ፎስፈረሱም ወደ ሽንት ይዞራል። «ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ አያወፍርም» እያሉ ከበጉ ፊት ገለባውን የሚያነሡ ሰዎች ሳያውቁት የዘጉት ይህን መውጫ ነው።

ውኃውስ? የሐይቅ ከተማ ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ከተኛው ሐይቅ ነው። ሐይቁን እያየ የሚጠማ በግ መኖሩ ግን አያስገርምም፤ የሚደልብ በግ ታስሮ ነው የሚውለው። መንጋው ወደ ውኃ ሲነዳ እሱ ግቢ ይቀራል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ከዋሉ በቀን አንዴ የሚቀዳለት ቆርቆሮ ውኃ ዕድሉ ነው፤ እሱንም ገፍቶ ይደፋዋል ወይም ፋንድያ ይገባበታል። በግ ደግሞ የቆሸሸ ውኃ ይጸየፋል። ደረቅ መኖ የሚበላ መካከለኛ ሙክት በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ውኃ ሊፈልግ ይችላል፤ ሙቀት ሲሆን ከዚያም በላይ። በአምባሰል ደጋ ብርዱ ሲበረታ በግ የቀዘቀዘ ውኃ መጠጣት ስለሚቀንስ ፀሐይ ሞቅ ስትል መልሶ ማቅረብ ይጠቅማል። ወደ ገበያ በሚነዳበት ቀንም እንደዚሁ። ከንጋት እስከ ማታ ሳይጠጣ የዋለ ሙክት ፊኛው ውስጥ የተቀመጠው ሽንት ምን ያህል እንደሚወፍር መገመት አያዳግትም።

ሴቷም ክሪስታል ሊኖራት ይችላል። ነገር ግን የሽንት ቱቦዋ አጭርና ሰፊ ስለሆነ አሸዋው አብሮ ይወጣል። የወንዱ ቱቦ ረጅምና ጠባብ ነው፤ መኻል ላይ እንደ ኤስ ፊደል ይጠማዘዛል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ትል የቀጠነች ቅጥያ አለችው። ጠጠሩ ብዙ ጊዜ የሚሰነቀረው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው። ገና ግልገል ሳለ የተኮላሸ በግ ደግሞ ቱቦው በሚገባ ሳይሰፋ ይቀራል፤ ለቱቦው መስፋት የወንድነት ሆርሞኑ ያስፈልጋልና። ስለዚህ ቢያንስ 5 ወይም 6 ወር እስኪሞላው መታገሥ ይሻላል። አስቀድሞ ይጎልምስ የሚሉ አርቢዎች ልክ ናቸው።

አሁን ወደ ርእሳችን እንመለስ። የሚያምጥ በግ ሲያዩ «ሆዱ ደርቆ ነው» ከማለትዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ በጠጡን። በግ እያማጠም በጠጥ ከጣለ ድርቀት የሚለው ግምት ወዲያው ይወድቃል። ሁለተኛ ሽንቱን። ደረቅና ንጹሕ መሬት ላይ ያቁሙትና አንድ ሰዓት ያህል ሳይርቁ ይጠብቁት። ጤነኛ በግ ሽንቱ ያለ ጭንቅ ይፈሳል። ቱቦው የተዘጋበት ግን ጭራውን እያንቀጠቀጠ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ ወይም ደም የቀላቀለ ጥቂት ሽንት ያወጣል፣ ወይም ጭራሹን ምንም አይወጣውም። በብልቱ አፍ ላይ ያለውን ፀጉር ቢዳስሱ ደርቆ፣ አሸዋ የመሰለ ፍሬ ተጣብቆበት ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ አሸዋ ከመዘጋቱ ቀናት ቀደም ብሎም ሊታይ ስለሚችል የሚደልብ ሙክት ያለው ሰው በየጥቂት ቀኑ ማየት ቢለምድ ብዙ በግ ይተርፋል።

ሽንቱ ጨርሶ ከቆመ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ለነገ የሚባል አይደለም። ፊኛው እየተነፋ ይሄዳል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ፊኛው ወይም ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አሳሳች ነገር አለ። ፊኛው ሲፈነዳ ሕመሙ ለጊዜው ይቀልለታል። በጉ ማማጡን ይተዋል፤ ጸጥ ይላል። ባለቤቱም «ተሻለው» ብሎ ይተኛል። ሽንቱ ግን ሆዱ ውስጥ እየፈሰሰ ነው፤ ሆዱ በሁለት ጎኑ ይነፋል፣ መርዙ ወደ ደም ይገባል፣ እንስሳው ይደክማል፣ ይሞታል።

በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚደረጉ «ሕክምናዎች» አብዛኞቹ ጉዳት ያባብሳሉ። ዘይት ማጠጣት ጠጠሩን አያወርደውም፤ በግዴታ ሲጋት ወደ ሳምባው ሊገባም ይችላል። በጉሮሮው ብዙ ውኃ መጋትም ሆነ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት መስጠት የተዘጋውን ፊኛ ይበልጥ መንፋት ነው። ሶዳ ባይካርቦኔት ሽንቱን ስለሚቀይረው ለስትሩቫይት ይበልጥ ይመቻል። ለሰው የኩላሊት ጠጠር ይበጃል ተብሎ የሚቀቀለው ቅጠልም ለተዘጋ በግ መፍትሔ አይደለም። ከቤት የሚጠበቀው መኖውን ማንሣት፣ እንስሳውን ጥላ ውስጥ ማድረግና ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ማድረስ፣ ካልሆነም ባለሙያ መጥራት ብቻ ነው። ሲደውሉ «በጉ አሞታል» አይበሉ። «ወንድ ነው፣ እህል ይበላል፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልሸናም» ይበሉ። ባለሙያው ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚወስነው ይህ ዐረፍተ ነገር ነው።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ያቺን የጫፍ ቅጥያ ያያል። ጠጠሩ እዚያ ከሆነ ቅጥያዋን በመቁረጥ ብቻ ሽንቱ ወዲያው ሊለቅ ይችላል፤ በጉን ማስያዝ፣ ማደንዘዣና ንጹሕ መሣሪያ ስለሚፈልግ በምላጭ የሚሞከር ሥራ ግን አይደለም። ከዚያ በኋላ ሽንቱን አሲዳማ የሚያደርግ አሞኒየም ክሎራይድ የተባለ ጨው በክብደቱ ልክ ሊያዝ ይችላል። ጠጠሩ ወደ ውስጥ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ፊኛው ላይ ቱቦ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ዋጋውና ዕድሉ ከበጉ ዋጋ ጋር መመዛዘን ይኖርበታል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ለብዙ ገበሬ ጥሩው ውሳኔ ፊኛው ሳይፈነዳ፣ ሐኪም አይቶ ሲፈቅድ፣ ማረድ ነው። ይህ ግን መድኃኒት ከመወጋቱ በፊት መታሰብ አለበት። አንቲባዮቲክ የተወጋ እንስሳ ሐኪሙ የሚነግርዎት ቀን ሳያልፍ ሥጋው መበላት የለበትም። ፊኛው ፈንድቶ ሥጋው ሽንት ሽንት የሚሸት በግም ለጎረቤት የሚከፋፈል ሥጋ አይደለም።

መከላከሉ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል። ገለባው ወይም ድርቆሹ ከበጉ ፊት አይነሣ፤ ከሚበላው ቢያንስ ግማሹ እሱ ይሁን። የባቄላ፣ የአተርና የምስር ገለባ ከጤፍና ከስንዴ ጭድ የተሻለ ካልሲየም አላቸው። ሰስፓኒያና አልፋልፋም እንዲሁ። ፉርሽካውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ያሳድጉ። በአንድ ኩንታል ድብልቅ መኖ ላይ ከ1 እስከ 1 ተኩል ኪሎ ለመኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና 1 ኪሎ ያህል ጨው ቢደባለቅ የተገለበጠው ሚዛን በጣም ይስተካከላል፤ ጨውም በጉ እንዲጠጣ ያደርገዋል። ጨው ጨምሮ ውኃ መንሣት ግን ከመጀመሪያው የባሰ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፤ ለመኖ የሚሆነው ያልተቃጠለ የድንጋይ ዱቄት እንጂ ግድግዳ የሚቀባው ኖራ አይደለም። እሱ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። አጥንት ፈጭቶ መስጠትም የሚመስለውን ያህል አይጠቅምም፤ ካልሲየሙን ከፎስፈረስ ጋር ነው የሚያመጣው፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አጥንት ደግሞ ሌላ በሽታ ያስገባል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቅር የሚለኝን ልናገር። ስለ ማድለብ ሲመከር በስንት ቀን ስንት ኪሎ እንደሚጨምር ሲነገር ይሰማል፤ ስለ ካልሲየምና ስለ ውኃ ግን እምብዛም። ፉርሽካ ሻጩ ከመጋዘኑ አጠገብ አንድ ጆንያ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ቢያስቀምጥና «ይህን ቀላቅለው» ቢል ራሱም ደንበኛ ያተርፋል። በደቡብ ወሎ ደግሞ ዕውቀቱ ሩቅ አይደለም። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በበዓል ሰሞን፣ ማለትም ሙክቱ በብዛት በሚደልብበትና በሚታመምበት ወቅት፣ በየወረዳው ተረኛ የእንስሳት ሐኪም እንዲኖር ማድረግም ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይመስለኝም። የታረደ ወይም የሞተ በግ ፊኛ ውስጥ ጠጠር ከተገኘም አይጣል፤ በንጹሕ ብልቃጥ ለባለሙያ ይድረስ። የጠጠሩ ዓይነት መኖው በየት በኩል መታረም እንዳለበት ይናገራል።

የጠጠሩ ዓይነት ከማንም በላይ የሚወስነው ደግሞ በውሻ ላይ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ ትንንሽ ውሾች ቤት ውስጥ የሚያሳድጉ አንባቢያን ይህን ክፍል ለራሳቸው ይውሰዱት። በውሻ ላይ የሚበዙት ሁለት ናቸው። አንዱ ያው ስትሩቫይት ነው፤ ነገር ግን ውሻ ላይ መነሻው እንደ በግ መኖ ሳይሆን በአብዛኛው የፊኛ ኢንፌክሽን ነው፤ በሴቶቹም ይበዛል። ይህ ጠጠር በተገቢው አንቲባዮቲክና ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ምግብ በሳምንታት ውስጥ ሊሟሟ ይችላል። ሌላው ካልሲየም ኦክሳሌት ነው፤ እንደ ሺትዙና ዮርክሻየር ቴሪየር ባሉ ትንንሽ ዝርያዎች፣ በተለይም በወንዶቹ ይበዛል። ይህ በምንም ምግብ አይሟሟም፤ መውጣት አለበት። ሁለቱን በዓይን መለየት ስለማይቻል የሽንት ምርመራና ራጅ ያስፈልጋል። ሳይመረመሩ «የጠጠር ምግብ» ገዝቶ ማብላት ገንዘብ መጣል ነው፤ አንዳንዴም ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይበጅም።

ቤት ውስጥ መሽናት የጀመረች ውሻ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃት ዱላ ነው። ሥርዓት ይዛ የኖረች ውሻ በድንገት ምንጣፍ ላይ ከሸናች፣ በየደቂቃው እየተቀመጠች ጠብታ ካወጣች፣ ሽንቷ ከቀላ፣ ብልቷን ደጋግማ ከላሰች ታማለች እንጂ አልባለገችም። ከፋርማሲ የተረፈ አሞክሳሲሊን ለሦስት ቀን ሰጥቶ ማቆም ደሙን ለጊዜው ያጠፋዋል፣ ጀርሙን ግን ያጠናክረዋል። ለሕመሟ ብለው አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይስጧት፤ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። የወጥ ትርፍራፊም አይበጃትም፤ ጨው ይበዛበታል፤ ቀይ ሽንኩርቱ ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች የሚያፈርስ ነው። የታዘዘው ልዩ ምግብ በየሱቁ የሚገኝ ባለመሆኑ ሲጠፋ በምን እንደሚተካ ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ። ዋጋ የማያስወጣው ምክር ውኃ ነው፤ ምግቧ ላይ ለብ ያለ ውኃ ያፍስሱበት፤ ጠዋትና ማታ ውኃዋን ይቀይሩ፤ ቀኑን ሙሉ ዘግተው አይዋሉባት፤ ሽንት ሲቋጠር ክሪስታሉ ጊዜ ያገኛልና። ወንድ ውሻ እያማጠ ሽንት ከሌለው እንደ ሙክቱ ነው፤ ጠጠሩ በብልቱ ውስጥ ካለው አጥንት ሥር ተሰንቅሮ ይሆናል፤ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይፈለግ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደና ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ሲሆን ግን አፉን ሳይነኩ፣ በጥንቃቄ አስረው ይውሰዱት።

ወደ ሙክቱ ልመለስና አንድ የሚረሳ ነገር ላንሣ። አንድ በግ በጠጠር ሲታመም ቤተሰቡ ሁሉ በእሱ ይጠመዳል። አጠገቡ የታሰሩት ሁለትና ሦስቱ ወንዶች ግን ያንኑ ፉርሽካ የበሉ፣ ከዚያው ቆርቆሮ የጠጡ ናቸው። የእነሱ ፊኛ ውስጥም አሸዋው ሳይጀምር አልቀረም። በዚያው ቀን ፉርሽካቸው ይቀነስ፣ ገለባቸው ይብዛ፣ ንጹሕ ውኃ ይቅረብላቸው፣ የብልታቸው ፀጉር ይታይ። ሐኪሙ ለታመመው ሲመጣም እነሱንም ያሳዩት።